የደመና ማስክ በሳተላይት ምስሎች ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በሳተላይት ምስል የሚሠራ ሰው ትልቁ ራስ ምታቱ ደመና ነው። ሰብሉ የሚያድገው በክረምት ነው፤ ሰማዩ የሚሸፈነውም በክረምት ነው። ጤፉ በሐምሌና በነሐሴ ተዘርቶ ሲለመልም ማየት የፈለገ ሰው ከደመናው ጋር መታገሉ አይቀርም።

ትግሉን የሚያከብደው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ምስሉ በ10 ሜትር (አንዱ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ነጥብ፣ መሬት ላይ በጎን 10 ሜትር ይሸፍናል)፣ የትኛው ፒክስል ደመና እንደሆነ የሚነግረን ማስክ በ20 ወይም በ60 ሜትር፣ ለማነጻጸር ያመጣነው ሌላ ምስል ደግሞ በ30 ወይም በ500 ሜትር ይሆናል። ብዙ የውሸት ውጤት የሚወለደው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በዚህ ዙሪያ በብዛት የሚነሱ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የደመና ማስክ ደመናውን ያጠፋዋል?

አያጠፋውም። ማስክ ማለት ለእያንዳንዱ ፒክስል «ይታመናል» ወይም «አይታመንም» የሚል ፍርድ የያዘ ሌላ ምስል ነው። ከደመናው ሥር ያለውን ማሳ አያሳየንም። ያንን ፒክስል ከስሌቱ ውጭ ያደርግልናል፤ በቃ።

ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት የተክልን ልምላሜ የሚለካውን ኤንዲቪአይ የሚባል ቁጥር እንውሰድ። ለምለም ተክል በቀይ ባንድ (ሳተላይቱ ለብቻው በሚለካው የብርሃን ክፍል) ይጨልማል፣ ዓይን በማያየው ኒር ኢንፍራሬድ ይደምቃል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ደመና ግን በሁለቱም ባንድ ነጭ ነው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ማስክ ካላደረግን ኮምፒውተሩ የለመለመውን ማሳ «ደርቋል» ብሎ ይመዘግባል። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የድርቅ ማስጠንቀቂያ ወይም የሰብል መድን ክፍያ የሚወሰን ከሆነ ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የገበሬ ኑሮ ነው።

የእኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም። በናሳ ሳተላይቶች ላይ ያለው ሞዲስ የሚባል መሣሪያ መረጃ እንደሚያሳየው በአማካይ ከምድር ገጽ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በደመና የተሸፈነ ነው። በየብስ ላይ ብቻ ሲሰላ እንኳ ከግማሽ በላይ ነው።

አንድ ሳተላይት ለምን ብዙ ሪዞሉሽን (የፒክስል መጠን) ይኖረዋል?

የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲኔል-2 13 ባንድ አለው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ዋናው ኒር ኢንፍራሬድ በ10 ሜትር ይነሳሉ። ሌሎች 6 ባንዶች በ20 ሜትር ናቸው። የቀሩት 3 በ60 ሜትር ናቸው፤ እነሱም በአየር ላይ ያለውን ብናኝ፣ የውሃ ተንና ሲረስ የሚባለውን ስስ ከፍተኛ ደመና ለማየት የተሠሩ ናቸው።

ምክንያቱ ብርሃን ነው። ጠባብ የሞገድ ርዝመት ላይ ያነጣጠረ ባንድ የሚያገኘው ብርሃን ትንሽ ነው። በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ሰፋ ያለ ፒክስል ይፈልጋል።

የአሜሪካኖቹ ሳተላይቶች ላንድሳት 8 እና 9 አብዛኛው ባንዳቸው 30 ሜትር ነው። ጥቁርና ነጩ ባንድ 15 ሜትር፣ ሙቀት የሚለካው ደግሞ 100 ሜትር ነው፤ የሙቀቱ ባንድ ለተጠቃሚ የሚሰጠው ወደ 30 ሜትር ተቀይሮ ነው። ሞዲስ በ250፣ በ500 ሜትርና በ1 ኪሎ ሜትር ይሠራል።

ልብ በሉ፤ ደመናን ለመለየት በጣም የሚረዱት የሴንቲኔል-2 የሲረስ ባንድና የላንድሳት የሙቀት ባንድ ሰፋፊ ፒክስል ያላቸው ናቸው። ደመናውን የምናውቀው ማሳውን ከምናይበት ባነሰ ጥራት ነው።

የ60 ሜትር ማስክ በ10 ሜትር ምስል ላይ መጫን እችላለሁ?

ሶፍትዌሩ አይከለክላችሁም። እንዲያውም ምንም ሳይናገር ያደርገዋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌርም ሆነ በኢንተርኔት ላይ የሳተላይት ምስል የሚያሰላው ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ማስኩን በራሱ ወደ 10 ሜትር ከፋፍሎ ያሳያችኋል። ስታዩት የ10 ሜትር ማስክ ይመስላል። አይደለም።

ስሌቱን እንየው። አንድ የ60 ሜትር ፒክስል 36 የ10 ሜትር ፒክስሎችን ይይዛል። ስፋቱ 3,600 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጥማድ መሬት ከቦታ ቦታ ቢለያይም በግምት ሩብ ሄክታር ወይም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዷ የማስክ ፒክስል ከአንድ ገበሬ ማሳ ትበልጣለች። የደመናው ጠርዝ በዚያች ፒክስል መሃል ካለፈ ወይ ንጹህ ማሳ ትጥላላችሁ፣ ወይ ደመና የነካውን ማሳ ትወስዳላችሁ። ሦስተኛ አማራጭ የለም።

በ10 ሜትር የሚወጡ ማስኮችም ቢሆኑ በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። ኤስ2ክላውድለስ የሚባለውን ሞዴል ውሰዱ። ፍርዱን የሚሰጠው 10 ባንዶችን አይቶ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ሦስቱም የ60 ሜትር ባንዶች አሉበት። ኧርዝ ኢንጂን ላይ በ10 ሜትር ይቀርባል፤ የማስረጃው ክፍል ግን ከሰፋፊ ፒክስል የመጣ ነው። የግሪዱ (የፒክስሎቹ መረብ) መጠንና የመረጃው ጥራት አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? የማስኩን ዳር አስፉት። ስታሰፉትም በሜትር አስቡ እንጂ በፒክስል አታስቡ። «2 ፒክስል አስፋ» የሚለው ትእዛዝ በ10 ሜትር ግሪድ ላይ 20 ሜትር ነው፤ በ60 ሜትር ላይ 120 ሜትር ነው፤ በሞዲስ 500 ሜትር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ዓይነት ኮድ ሦስት የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ለሴንቲኔል-2 ቢያንስ የማስኩን የአንድ ፒክስል ስፋት ያህል፣ ማለትም ለ20 ሜትር ማስክ ቢያንስ 20፣ ለ60 ሜትር ማስክ ቢያንስ 60 ሜትር ማስፋት ምክንያታዊ መነሻ ነው። የደመና ጠርዝ እየሳሳ የሚሄድ ስለሆነ እኔ ከዚያም ጨምሬ 100 ሜትር ድረስ መሄዱን እመርጣለሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። የሴንቲኔል-2 ባንዶች መሬቱን በአንድ ቅጽበት አያዩትም። በመካከላቸው ከ2 ሰከንድ ሊያልፍ የሚችል ልዩነት አለ፤ የሚያዩበት ማዕዘንም በትንሹ ይለያያል። መሬት ላይ ላለ ነገር ይህ ይታረማል። ከፍ ብሎ ላለ ደመና ግን አይታረምም። ለዚህ ነው የከፍተኛ ደመና ጠርዝ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው። በቦሌ አቅራቢያ የሚበር አውሮፕላንም በዚሁ ምክንያት ሦስት ቀለም ያለው ምስል ሆኖ ይገኛል። በ10 ሜትሩ ባንድ ላይ ያለው ደመናና በ20 ሜትሩ ባንድ ላይ ያለው ደመና በትክክል አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። ዳሩን ማስፋት ይህንንም ይሸፍናል።

ማስኩን ወደ ሌላ ሪዞሉሽን ስቀይር የትኛውን ዘዴ ልጠቀም?

የክፍል ቁጥር ለያዘ ማስክ ኒረስት ኔበር፤ ማለትም አማካይ ሳያወጣ የቅርቡን ፒክስል ቁጥር እንዳለ የሚወስደው ዘዴ። ሁልጊዜ።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። ኤስሲኤል በሚባለው የሴንቲኔል-2 ማስክ ላይ 4 ማለት ዕፅዋት ነው። 8 ማለት መካከለኛ ዕድል ያለው ደመና ነው። ባይሊኒየር በሚባለው ዘዴ ብትቀይሩት ሶፍትዌሩ በሁለቱ ድንበር ላይ አማካይ ያወጣል። የ4 እና የ8 አማካይ 6 ነው። 6 ደግሞ ውሃ ነው። በደመናው ዙሪያ የሌለ ኩሬ ይፈጠራል ማለት ነው። እንዲሁም የ3 እና የ5 አማካይ 4 ነው፤ የደመና ጥላና ባዶ መሬት ተደምረው ዕፅዋት ይሆናሉ።

በላንድሳት ላይ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ኪውኤ ፒክስል የሚባለው ባንድ መልእክቱን የሚይዘው በቢት፣ ማለትም ቁጥሩን በሚሠሩት የ0 እና የ1 ምልክቶች ነው። ንጹህ መሬት ብዙ ጊዜ 21824 ተብሎ ይመዘገባል። ደመና ደግሞ 22280። አማካያቸው 22052 ነው። ይህን ቁጥር በቢት ስትፈቱት «ሲረስ አለ፣ በረዶም አለ» ይላል። ሁለቱም የሉም። በደጋ መሬት ላይ በሐምሌ በረዶ የሚያሳይ ካርታ ካያችሁ መጀመሪያ ይህንን አጣሩ።

የዕድል ቁጥር ለያዙ ማስኮች ሕጉ ይለያል። ከ0 እስከ 100 ያለ ቁጥር አማካዩ ትርጉም አለው። ባይሊኒየር ይቻላል። ግን መጀመሪያ ቁጥሩን ቀይሩ፤ «ደመና ነው፣ አይደለም» ብላችሁ የምትቆርጡት በኋላ ይሁን።

መጀመሪያ ማስክ ላድርግ ወይስ መጀመሪያ ሪዞሉሽኑን ልቀይር?

መጀመሪያ ማስክ። ምስሉን ቀድማችሁ ከቀየራችሁ የደመናው ነጭነት ወደ ጎረቤት ፒክስሎች ይፈሳል። ከዚያ ማስክ ብታደርጉ የፈሰሰው ይቀራል፤ በዓይንም አይታይም፤ ቁጥሩን ግን አበላሽቷል።

ከ10 ሜትር ወደ 30 ሜትር ስትሄዱ በአንድ ሰፊ ፒክስል ውስጥ 9 ትንንሽ ፒክስሎች አሉ። በመጀመሪያ ደመና የሆኑትን አውጡ። ከዚያ የቀሩትን ብቻ አማካይ ውሰዱ። ጎን ለጎን ከ9ኙ ስንቱ እንደቀረ የሚያሳይ ባንድ አስቀምጡ። እኔ ይህን ባንድ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። 9ኙም ንጹህ የሆኑበት ውጤትና 2 ብቻ የተረፉበት ውጤት እኩል እምነት አይሰጡም። በኋላ «ቢያንስ 7ቱ ይቅሩ» ወይም «ሁሉም ይቅሩ» ማለት የምትችሉት ይህ ባንድ ካላችሁ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ማስክ የተደረገ ፒክስል ባዶ ይሁን እንጂ 0 አይሁን። 0 ከሆነ አማካዩ ውስጥ ይገባና ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትታል።

ከኤስሲኤል፣ ከኪውኤ60፣ ከኤስ2ክላውድለስና ከክላውድ ስኮር ፕላስ የቱን ልምረጥ?

አራቱም ለሴንቲኔል-2 የሚሆኑ የደመና ማስኮች ናቸው። ኪውኤ60ን ለአዲስ ሥራ አልመክርም። የ60 ሜትር ነው፤ ስስ ደመናን በቀላሉ ይስታል፤ የደመና ጥላን ጭራሽ አያውቅም። በዚያ ላይ ታሪኩ የተቆራረጠ ነው። ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ጀምሮ የመረጃው አሠራር ሲቀየር ኧርዝ ኢንጂን ላይ ይህ ባንድ ባዶ ሆኖ ነበር። እስከ ፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ ያለው ጊዜ ችግር አለበት። ከድሮ መማሪያ የተቀዳ ኮድ በዚያ ጊዜ ምስሎች ላይ ሲሠራ ደመናው ሁሉ እንዳለ ሊቀር ይችላል። የስህተት መልእክት አይመጣም። የ2022 እና የ2023 ውጤታችሁ ከሌላው ዓመት የተለየ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ።

ኤስሲኤል ከሴንቲኔል-2 የደረጃ 2ኤ ምስል (የአየሩ ተጽዕኖ ከታረመለት) ጋር አብሮ ይመጣል። በ20 ሜትር ነው። ከ0 እስከ 11 የተቆጠሩ 12 ክፍሎች አሉት። ለማውጣት የሚመረጡት 3 የደመና ጥላ፣ 8 እና 9 ደመና፣ 10 ሲረስ ናቸው። ብዙ ሰው 3ን ይረሳል። ድክመቱ ደማቅ ጣሪያና ደማቅ አፈር ደመና ማለቱ፣ የትንንሽ ደመና ጠርዝንም መሳቱ ነው። ጥንካሬው ምስሉን ካወረዳችሁ በእጃችሁ መሆኑ ነው።

ኤስ2ክላውድለስ ዕድል ይሰጣል። መቁረጫውን እናንተ ትመርጣላችሁ። ጥላን ግን አይነግራችሁም፤ ለብቻው መሥራት አለባችሁ።

ክላውድ ስኮር ፕላስ ከጉግል የመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 1 ቁጥር ይሰጣል፤ 1 ማለት ጥርት ያለ ነው። ደመናን፣ ጥላንና ጭጋግን ለየብቻ ከመሰየም ይልቅ «ይህ ፒክስል ምን ያህል ይታያል?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከ0.50 እስከ 0.65 ባለው ይቆረጣል። ኧርዝ ኢንጂን ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ለእኔ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው።

መቁረጫውን ግን ከማንም ኮድ ቀድታችሁ አትተዉት። ሥራችሁ ይወስነው። የዓመቱን የመሬት ሽፋን ካርታ የምትሠሩ ከሆነ ብዙ ምስል ስላላችሁ ጨክኑ፤ የተጠራጠራችሁትን ሁሉ ጣሉ። የክረምቱን የሰብል ዕድገት የምትከታተሉ ከሆነ ግን ከጨከናችሁ ምንም አይተርፍም። እዚያ ላይ ላላ ያለ መቁረጫ ተጠቅማችሁ የቀረውን በጊዜ ሰንሰለት ማጣራት ይሻላል።

የደመና ጥላ እንዴት ይገኛል? ለምንስ ብዙ ጊዜ ይቀራል?

ጥላ ከደመናው ራቅ ብሎ ነው የሚወድቀው። ርቀቱ በደመናው ከፍታና በፀሐይ ማዕዘን ይወሰናል። ሴንቲኔል-2 በእኛ አገር ላይ የሚያልፈው ከረፋዱ 5 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በሐምሌ በአዲስ አበባ አካባቢ ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት ከአድማስ 65 ዲግሪ ገደማ ላይ ትሆናለች። በታኅሣሥ 51 ዲግሪ ገደማ ናት።

ከመሬቱ 1,500 ሜትር ከፍ ያለ ደመና እንውሰድ። በሐምሌ ጥላው 700 ሜትር ገደማ ርቆ ይወድቃል። በታኅሣሥ 1,200 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ10 ሜትር ግሪድ ይህ 70 እና 120 ፒክስል ነው። በሞዲስ 500 ሜትር ግን ከ1 እስከ 2 ፒክስል ብቻ ነው። ደመናው 6 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ደግሞ ጥላው በሐምሌ ወደ 2.8፣ በታኅሣሥ ወደ 4.9 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በብዙ ኮድ ውስጥ የጥላ ፍለጋው 1 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ጥላው የሚቀረው ለዚህ ነው።

አቅጣጫውም ይቀያየራል። በሐምሌ ፀሐይዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ስለሆነች ጥላው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ፀሐይዋ በደቡብ ምሥራቅ ናት፤ ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል። ከአውሮፓ የመጣ ኮድ ላይ አቅጣጫው በእጅ ተጽፎ ከሆነ በእኛ ክረምት ላይ ተቃራኒውን ይፈልጋል። የፀሐይን ማዕዘን ሁልጊዜ ከምስሉ ከራሱ መረጃ ውሰዱ።

በሰሜን ተራሮችና በአባይ ሸለቆ ደግሞ ገደሉ ራሱ ጥላ አለው። ኤስሲኤል ይህን 2 ብሎ ለመለየት ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። ጥቁር አፈርና ውሃም በኒር ኢንፍራሬድ ጨለም ስለሚሉ ጥላ ይባላሉ። የከፍታ ሞዴል መጨመር ብዙ ይረዳል።

ቤቶችና የአበባ እርሻዎች ለምን ደመና ይባላሉ?

ደማቅና ነጭ ስለሆኑ። አዲስ ቆርቆሮ፣ በዝዋይና በሆለታ ያሉ የፕላስቲክ ግሪንሃውሶች፣ የተጠረገ ደማቅ አፈር፣ የደናክል ጨው ሜዳ፤ ሁሉም በሚታይ ብርሃን ደመናን ይመስላሉ። ሴንቲኔል-2 የሙቀት ባንድ ስለሌለው «ይህ ነገር ቀዝቃዛ ነው?» ብሎ ማረጋገጥ አይችልም። ላንድሳት ይችላል።

መውጫ አለ። ቤት አይንቀሳቀስም። የዓመቱን ማስኮች ሁሉ ደምሩና ለእያንዳንዱ ፒክስል ስንት ጊዜ ደመና እንደተባለ ቁጠሩ። እውነተኛ የደመና ድግግሞሽ ለስላሳ ሆኖ ከቦታ ቦታ ቀስ እያለ ይለወጣል። በመካከሉ የመንገድ፣ የጣሪያ ወይም የግሪንሃውስ ቅርጽ ጎልቶ ከወጣ ማስኩ እየተሳሳተ ነው። ያንን ቦታ ለይታችሁ የተለየ መቁረጫ ስጡት። ብዙ ወጪ የለውም፤ ብዙ ያስተምራል።

ቅድም ያነሳነው የባንዶች የማዕዘን ልዩነትም እዚህ ይጠቅማል። ባንድ 7፣ 8 እና 8ኤ ተቀራራቢ ብርሃን ያያሉ፤ የሚያዩበት ማዕዘን ግን ይለያያል። በመካከላቸው የተንሸራተተ ነገር ከፍታ አለው፤ ደመና ነው። ያልተንሸራተተው ጣሪያ ነው።

ምስል ስመርጥ «ደመና ከ20 በመቶ በታች» ብል ይበቃል?

አይበቃም፤ ብዙ ጊዜም ይጎዳል። ያ ቁጥር የተሰላው በጎን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆን ሙሉ ምስል ነው። 80 በመቶ ደመና ባለው ምስል ውስጥ የእናንተ ቀበሌ ጥርት ብሎ ሊገኝ ይችላል። በክረምት ሁሉንም ምስል አምጡና በፒክስል ደረጃ ማስክ አድርጉ። መቶኛውን ማስላት ካለባችሁ ለራሳችሁ አካባቢ ብቻ አስሉት።

በክረምት ሚዲያን (በቅደም ተከተል መሃል ላይ ያለውን ቁጥር) ወይም ከፍተኛውን ኤንዲቪአይ ብወስድ ማስኩ ይቀርልኛል?

ሚዲያን የሚሠራው ከምስሎቹ ከግማሽ በላይ ንጹህ ሲሆኑ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በአንድ ቦታ ላይ 24 ገደማ የሴንቲኔል-2 ዕድል አለ። ከእነዚያ 15ቱ ደመና ከሆኑ ሚዲያኑ ራሱ ደመና ነው። በደጋው ላይ ይህ ብርቅ አይደለም።

ከፍተኛውን መውሰድ በማሳ ላይ የተሻለ ነው፤ ደመና ኤንዲቪአይን ስለሚያወርድ በራሱ ይወድቃል። በውሃ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ንጹህ ውሃ ኤንዲቪአይው ከዜሮ በታች ነው። ደመና ዜሮ አካባቢ ነው። ስለዚህ በጣና ሐይቅ ላይ «ከፍተኛውን ስጠኝ» ስትሉ ኮምፒውተሩ መርጦ መርጦ ደመናውን ይሰጣችኋል። እምቦጭን የሚከታተሉ ሰዎች ይህን በደንብ ማወቅ አለባቸው። ደመና የነካው ውሃ ስስ እምቦጭ ሊመስል ይችላል። እምቦጩ በዛ ወይም ቀነሰ የሚለው ዜና በዚህ ስህተት ላይ መመሥረት የለበትም። በሐይቅ ላይ ጥብቅ ማስክ ግዴታ ነው።

ላንድሳትንና ሴንቲኔል-2ን ሳጣምር ማስኮቹ ለምን አይገጥሙም?

ሦስት ነገር አለ። አንደኛው የሰዓት ልዩነት ነው፤ በአንድ ቀን ቢያልፉም ደመናው በመካከል ተንቀሳቅሷል። ስለዚህ የአንዱን ማስክ ለሌላው አትጠቀሙ።

ሁለተኛው ግሪዱ ነው። ሁለቱም ምድርን በዞን የሚከፍለውን ዩቲኤም የሚባል የካርታ ሥርዓት ይጠቀማሉ። ነገር ግን የላንድሳት ግሪድ በፒክስሉ መሃል፣ የሴንቲኔል ግሪድ በፒክስሉ ጥግ የተመሠረተ ስለሆነ በ15 ሜትር ይለያያሉ። ያ የላንድሳት ግማሽ ፒክስል ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በሦስት የዩቲኤም ዞኖች፣ በ36፣ በ37 እና በ38 ላይ ተዘርግታለች። ድንበር ላይ ያለ ወረዳ በሁለት ዞን ይመጣል።

ሦስተኛው ማስኮቹ የተለያየ ነገር ማሰባቸው ነው። የላንድሳት ማስክ የሙቀት መረጃ ያያል፤ ዳሩን ያሰፋበትንም በሌላ ቢት ያስቀምጣል። የሴንቲኔሉ እንደዚያ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ጋር መታገል ካልፈለጋችሁ ናሳ ሁለቱን በ30 ሜትር አንድ ላይ አስተካክሎ የሚያቀርበው ኤችኤልኤስ የሚባል መረጃ አለ። ግሪዱም የማስኩም ዓይነት አንድ ነው። 30 ሜትር ለሥራችሁ የሚበቃ ከሆነ ከእሱ ጀምሩ።

ሞዲስን ለትንንሽ ማሳዎች መጠቀም ተገቢ ነው?

ብቻውን አይመከርም። በየቀኑ ማለፉ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በክረምት የምትከፈት አጭር ጥርት ያለች ሰዓት እንዳታመልጥ ያደርጋል። ግን የዕለቱ መረጃ ነጸብራቁ በ500 ሜትር ሲሆን የደመናው ሁኔታ የሚመዘገበው በ1 ኪሎ ሜትር ነው። 200 ሜትር ስፋት ያላት ደመና በአንድ ኪሎ ሜትር ፒክስል ውስጥ 4 በመቶ ብቻ ናት። ማስኩ «ንጹህ» ሊል ይችላል። ደመናዋ ግን ከጥላዋ ጋር እዚያው አለች። ሞዲስን ከተሸከሙት ሁለት ሳተላይቶች ከሰዓት በኋላ የሚያልፈው አኳ በክረምት ብዙ ጊዜ ይበልጥ ደመና ያገኛል፤ ደመናው ረፋዱን ጀምሮ እየተገነባ ስለሚሄድ።

ሲረስን ለመለየት የተሠራው ባንድ በተራራ ላይ ለምን ይሳሳታል?

ያ ባንድ የሚያየው 1,375 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው። እዚያ ላይ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ከመሬት የሚመለሰውን ብርሃን ይውጠዋል። ከተኑ በላይ ያለ ሲረስ ብቻ ይታያል። ራስ ደጀን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ከተራራው በላይ ያለው ተን ጥቂት ስለሚሆን ተራራው ራሱ ይታያል፤ ሲረስም ይባላል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ለምትሠሩ፣ መቁረጫውን ከፍታን እያያችሁ ከፍ አድርጉ። ይህ ባንድ በደረጃ 2ኤ ምስል ውስጥ እንደማይገኝም አስታውሱ፤ የአየሩ ተጽዕኖ ካልታረመለት ከደረጃ 1ሲ ነው የሚወሰደው።

ማስኬ ጥሩ መሆኑን እንዴት አረጋግጣለሁ?

በዓይን። ከዚህ የሚያድን አቋራጭ የለም። ከተለያየ ወርና ከተለያየ አካባቢ ነጥቦችን በዕጣ ምረጡ። ማስኩን ሳታዩ በእውነተኛ ቀለምና በሾርትዌቭ ኢንፍራሬድ ምስል እያያችሁ «ደመና፣ ጥላ፣ ንጹህ» በሉ። ከዚያ ከማስኩ ጋር አነጻጽሩ። ሁለቱን ስህተት ለየብቻ ቁጠሩ፦ ያመለጠ ደመናና የተጣለ ንጹህ መሬት። አንድ የጋራ መቶኛ ብቻ ከጻፋችሁ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። የጠርዝ ነጥቦችንም ለይታችሁ ያዙ። በደመና መሃል ሁሉም ማስክ ጎበዝ ነው፤ የሚለያዩት ዳር ላይ ነው።

ስትጽፉም የማስኩን ስም፣ የመጀመሪያ ሪዞሉሽኑን፣ መቁረጫውንና በስንት ሜትር እንዳሰፋችሁት አብራችሁ ጻፉ። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ «ደመና ተወግዷል» ብሎ ያልፋል፤ ሌላ ሰው ሥራውን ሊደግመው አይችልም።

ደመናው ጭራሽ ካልከፈተስ?

ራዳር ተጠቀሙ። ሴንቲኔል-1 ከ2014 ጀምሮ አለ። ሞገዱ ደመናን ያልፋል፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ቀለም ስለማያይ ኤንዲቪአይን አይተካም። የመሬቱን ሸካራነትና እርጥበት፣ የተክሉን ቅርጽ ግን ያሳያል። ጎርፍን ለመከታተልና የታረሰውን ካልታረሰው ለመለየት ብዙ ይረዳል። በክረምቱ መሃል ባለው ክፍተት ራዳሩን፣ በዳርና በዳር ኦፕቲካሉን (በብርሃን የተነሳውን ምስል) መጠቀም ይቻላል።

ኢንተርኔቴ ደካማ ነው። ይህን ሁሉ ማውረድ አለብኝ?

የለባችሁም። አንድ ሙሉ የሴንቲኔል-2 ምስል ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው፤ አንዳንዴም 1 ጊጋባይት ይደርሳል። ኧርዝ ኢንጂን ለትምህርትና ለምርምር ነጻ ነው፤ ማስኩም ስሌቱም እዚያው ይሠራል። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ዴታ ስፔስም በነጻ መመዝገቢያ ምስሉን በአሳሽ ላይ ያሳያል። ወረዳችሁን ቆርጣችሁ ውጤቱን ብቻ አውርዱ። ስታወርዱ ግን የንጹህ ፒክስል ቁጥር የያዘውን ባንድም ጨምሩት። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በኋላ ለአንድ ማሳ የወጣው ቁጥር በስንት ምስል ላይ እንደቆመ የሚነግራችሁ እሱ ነው።